ከሻሸመኔ ናዝሬት ቤንዚን በምታንጠባጥብ መኪና

ቤንዚኑ የሸተተኝ አርሲ ነጌሌን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነው። መጀመሪያ ችላ አልኩት፤ አሮጌ መኪና መሽተቱ አይቀርም ብዬ። ትንሽ ቆይታ ልጄ ከኋላ «እማዬ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለችኝ። ዞር ብዬ አየኋት። ከወገቧ እስከ ግራ እግሯ ጣት በጀሶ ታስራ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሰው ካልረዳት በጎኗ መዞር እንኳ አትችልም። ወደፊት ስመለስ ሾፌራችን ጋሽ ወርቁ ሲጋራ አፋቸው ላይ ሰክተው፣ መሪውን በክርናቸው ደግፈው ክብሪት ሊጭሩ ነው። እጃቸውን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህች መኪና ብትቀጣጠል እኔና እሳቸው በር ከፍተን እንዘላለን። ልጄ አትዘልም።

በሽተኛ በመኪና ለሚወስድ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ መንገዱን ከመነሻው ልጻፈው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። የልጄን ደብተር ይዤ በቆምንበት ሁሉ ሰዓቱንና የሰማሁትን ጫር ጫር አደርግ ነበር። የተሳሳተ ካለ ታርሙልኛላችሁ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ልጄ ትዕግስት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ክረምቱን አክስቷ ዘንድ ልታሳልፍ ሻሸመኔ ሄዳ ከጋሪ ወደቀችና ታፋዋ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ከተኛች ሁለት ወር አለፈ። አሁን ጥቅምት ነው። ሐኪሙ «ቤቷ ወስዳችሁ አስተኟት፤ በመንገድ ግን ወገቧ እንዳይታጠፍ» አለን። ቀጥ ብላ የምትተኛ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ የት ትገባለች? አባቷ ወንጂ ነው የሚሠራው፤ የሸንኮራ ሥራ ስለተጀመረ ፈቃድ አላገኘም።

ጋሽ ወርቁ ናዝሬት የቀበሌያችን ሰው ናቸው። የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ትዕግስትንም እንደ ልጃቸው ያዩዋታል። ኋላዋ ረዘም ያለች አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው። «የትዕግስትን ነገር ለእኔ ተይው፤ የኋላ ወንበሩን ነቅዬ እንደ ንግሥት አስተኝቼ አመጣታለሁ» አሉኝ። ቃላቸውን አላጠፉም። ወንበሩ ተነቅሏል፣ ፍራሹ ተነጥፏል። ሁለት ሠራተኞች ከነአንሶላዋ ተሸክመው አስገቧት። እግሯ ወደ ኋላው በር፣ ራስዋ ከእኔ ወንበር ጀርባ ሆነ። ሐኪም ቤት ሳለች አንዲት ነርስ የጉሉኮስ ቱቦ እያጠበች ትሰጣት ስለነበር ልጄ በእሱ ዓሣ መሥራት ተምራለች፤ ሦስት የተሠሩ ዓሦችና አንድ ገና ያልተነካ ረጅም ቱቦ በላስቲክ አሥራ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ጋሽ ወርቁ የመኪናዋን ኮፈን ጠፍ ጠፍ እያደረጉ «ዘኑ፣ ይህችን መኪና አሁን ነው ማየት! የጭነት መኪና ፖምፓ አስገጥሜላታለሁ። ዳገት አይበግራትም» አሉኝ። ፖምፓ ምን እንደሆነ አላውቅም። «እግዜር ያበርታልን» ብዬ ገባሁ።

የሻሸመኔ መንገድ በዚያ ሰዓት በጋሪና በወተት ሻጭ የተሞላ ነው። ፀሐይ በቀኛችን ወጣች። በቆሎው ደርቋል፣ ስንዴው ሊታጨድ ነው። ልጄ በመስኮቱ ሰማይ ብቻ ነው የሚታያት። «እማዬ፣ አሁን ምን አለ?» ትለኛለች፤ «ግመል» እላለሁ፣ «አህያ» እላለሁ፣ «የወታደር መኪና» እላለሁ። እንዲህ እያልን ነጌሌ ደረስን።

ሁለት ሰዓት፣ ከነጌሌ አልፈን ሜዳ ላይ

ክብሪቱን ከነጠቅኋቸው በኋላ ጋሽ ወርቁ መኪናዋን ከመንገድ አወጡ። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው ትንሽ ፈገግ አሉ።

«ጀሪካኑ ነው ዘኑ፣ አትደንግጪ።»

«የምን ጀሪካን?»

ከወንበሬ ጀርባ የነበረውን ጆንያ ገለጡት። ቢጫ ጀሪካን፣ ሙሉ ቤንዚን። ከልጄ ራስ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«በልጄ ራስጌ ቤንዚን አስቀምጠው ነው ክብሪት የሚጭሩት?»

«የወሩ የቤንዚን ኩፖን አልቆብኝ ነው እኮ። ከዚህ ናዝሬት በምን ልወስዳችሁ ነበር? ከሰው ለምኜ ያጠራቀምኩት ነው።»

ክፉ ነገር ከአፌ ሳይወጣ «ያውጡት» አልኳቸው። ጀሪካኑን ጣራው ላይ በገመድ አሰሩት፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን። ክብሪቱን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ። አየሩ ገባ፣ ሽታው የጠፋ መሰለን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ መጣ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቡልቡላ

ቡልቡላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰል በከሰል ነው። ጆንያዎቹ እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል፣ አፋቸው በቅጠል ተደፍኗል። ሻይ በስሙኒ ጠጣን። ትዕግስት ራሴን አመመኝ ብላ አልጠጣችም።

ጋሽ ወርቁ ኮፈኑን ከፈቱ። እኔም ልይ ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ሞተሩ ላይ የተቀመጠ፣ ማሰሮ የሚያህል ብረት አሳዩኝ፤ ካርቡሬተር የሚሉት እሱ ነው። ከአንገቱ በታች ርሷል፣ አቧራውም ተጣብቆበት ጭቃ ሆኗል። ከሥሩ የጭስ መውጫው ብረት አለ፤ በጣም ይፋጃል። ጠብታዋ እዚያ ብረት ላይ ስትወድቅ ጭስ ብላ ትጠፋለች። ይህን በዓይኔ አየሁ።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ውስጡ ትንሽ ኩባያ አለ፤ ቤንዚኑ እዚያ ይጠራቀማል። ኩባያው ውስጥ የምትንሳፈፍ የነሐስ ቆርቆሮ አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ እሷም ከፍ ትልና መርፌዋን ገፍታ በሩን ትዘጋለች። አሁን ተንሳፋፊዋ ተጣብቃለች ማለት ነው።» በካቻቢቴው እጀታ ካርቡሬተሩን ኳ ኳ ኳ አደረጉት።

ከሰል የምትሸጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት መጣች። «አካም ቡልተን» ብላ ሰላም አለችንና ጋሽ ወርቁን አየት አደረገች። «ይሄ ሰውዬ መኪናውን የሚገርፈው ምን ሰርቃበት ነው?» አለች።

«ቤንዚን ነዋ የሰረቀችው!» አሏት ጋሽ ወርቁ።

መደብደቡ አልበቃ ሲል ክዳኑን ፈቱና መርፌዋን የምትገፋውን የተንሳፋፊዋን ምላስ በፒንሳ ትንሽ አጠፉ። «የቤንዚኑን ደረጃ ዝቅ አደረግኩት። ኩባያው ሳይሞላ ይዘጋል» አሉ። ክዳኑን ሲገጥሙ ቀና ሳይሉ «ድሮም አንዴ ዝቅ አስደርጌው ነበር» አሉኝ። ለምን ብላቸው ኩፖን እንዲቆጥብላቸው ነው። ትንሽ ቤንዚን ኩባያ ውስጥ ካለ ትንሽ ትጠጣለች ብለው። «ታዲያ ዳገት ላይ እየታነቀች አስቸገረችኝ። ለዚያ ነው ቤንዚኑን የሚገፋላትን ጠንካራ ፖምፓ ያስገጠምኩላት።»

ደብተሬ ላይ «ዝቅ አደረገ፣ ታነቀች፣ ጠንካራ ፖምፓ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ፈርቼ ስለነበር እጄ ሥራ ፈልጎ ነው።

አምስት ሰዓት፣ ዝዋይ

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ጠባቂ የይለፍ ወረቀታችንን ተቀብሎ ገለባብጦ አየው። ከዚያ ጣራውን አየ።

«ጓድ ሹፌር፣ ያ ምንድን ነው?»

«ውሃ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ወርቁ። የቤንዚኑ ሽታ ግን ከእኛ ቀድሞ ኬላው ደርሷል።

«ውሃው ይሸታል» አለ ጠባቂው።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ቤንዚን ነው ልጄ። ከኋላ ያለችው ልጄ ናት፤ መታጠፍ አትችልም። ብትወስዱብን እዚሁ እንቀራለን።» ጠባቂው በኋላው መስኮት አንገቱን አስገባ። ትዕግስት ገርጥታለች። አንዱን የቱቦ ዓሣ አንስታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም፤ ግን ሳቅ አለ። «ሂዱ፤ ናዝሬት ድረስ እንዳትፈነዱ» አለን። እሱ ቀልዱን ነው። እኔ ግን መቀነቴ ውስጥ ያለውን ክብሪት ዳበስኩ።

ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ገዛን። ለልጄ አጥንቱን እየለቀምኩ አጎረስኳት። ሁለት ጉርሻ ከበላች በኋላ አስመለሳት። በጀርባዋ ስለተኛች ትታነቃለች ብዬ አንገቷን ደግፌ አፏን በነጠላዬ ጠረግኩ። ሽታው ነው ያስመለሳት። ጋሽ ወርቁ የቤንዚን መቁጠሪያውን ጣታቸውን አስደግፈው ያዩታል። ከሻሸመኔ ሙሉ ነበር፣ አሁን ከግማሽ በታች ወርዷል። እንደገና የተንሳፋፊዋን ምላስ አጠፉ። ሁለተኛቸው ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መቂ ሳንገባ

መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ከኋላችን ጥቁር ጭስ። ጋሽ ወርቁ ቆም ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ምላሷን አጠፉና ተነሣን። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም፤ «ጧ!» የሚል ድምፅ ከፊት ተሰማ፤ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ፣ ከጭሱ መካከል ቢጫ የእሳት ምላስ አየሁ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። በኋላው በር ዞሬ ፍራሹን ጫፉን ይዤ ሳብኩ። አልመጣም። ጀሶው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። «እማዬ! እማዬ!» ትላለች። ጮህኩ። ከመንገዱ ዳር ካለው የሽንኩርት ማሳ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። አራት ሆነን ከነፍራሹ ጎትተን አወጣናትና ግራር ሥር አስቀመጥናት። ጋሽ ወርቁ ኮፈኑን ከፍተው አፈር በእጃቸው እየዛቁ ይበትናሉ። አንደኛዋ ሴት የልጄን ብርድ ልብስ ነጥቃ ካርቡሬተሩ ላይ ጣለችው። ጠፋ።

እሳቱ ብዙ አልነበረም። አንድ ጉልቻ ላይ የሚነድ ያህል ነው። ጋሽ ወርቁ ዞር ሲሉ አንድ ቅንድባቸው የለም።

የእጃቸውን አፈር እያራገፉ «እንግዲህ አለፈ። ጠርጌ ልቀጥል» አሉ።

«ልጄ ሁለተኛ እዚያ ውስጥ አትገባም» አልኳቸው።

«ታዲያ በምን ትሄዳለች ዘኑ?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አውቶቡሶች እየጮኹ ያልፋሉ፤ ማንኛቸውም ልጄን አይችሏትም። ሐኪም ቤቱ ከኋላ ነው፣ ቤቷ ከፊት ነው፣ እሷ ግራር ሥር ናት። ብርድ ልብሷ እንኳ ተቃጥሏል።

ሽማግሌው ነው የተናገረው። «የውሃ ሞተሮቻችንን የሚሠሩ ሰው አሉ፤ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ልጥራቸው?»

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ግራሩ ሥር

ኦቦ ገመቹ በብስክሌት መጡ። ቀጭን፣ ጸጉራቸው ሽበት የወረረው ሰው ናቸው። የገበሬ ማኅበሩን የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡት ሞተሮች ሁሉ በእጃቸው ናቸው። ወርደው «አካም ጅርቱ» አሉንና ጋሽ ወርቁን ትክ ብለው አዩዋቸው።

«የተቃጠለው መኪናው ነው ወይስ ቅንድቡ?»

የሽንኩርት ለቃሚዎቹ ሳቁ። ትዕግስትም ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሁሉ በፊት «ሲጋራህን ለአዴ ስጥ» አሏቸው። አዴ ያሉት እኔን ነው፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሲጋራውን ተቀብዬ ክብሪቱ ከጠዋት ጀምሮ መቀነቴ ውስጥ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ጎበዝ» አሉኝ። ቀጥለው አንድ ባልዲ አሸዋ አስመጡና አጠገባቸው አስቀመጡ። ብረቱ እስኪበርድ ቁጭ አልን። እስኪበርድ ድረስ አንዲት ቡሎን አልነኩም። እኔ በዚህ ነው መጀመሪያ ያመንኳቸው።

«ማን ነካካው?»

«ተንሳፋፊዋ ናት የተበላሸችው» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ አጠፍኳት።»

«ሦስት ጊዜ አጥፈህ ካልዳነች ሕመሟ እሷ ላይ አይደለማ!»

ክዳኑን ፈትተው ምላሷን ወደ ቦታዋ መለሱ። ካርቡሬተሩ ላይ፣ ክዳኑ ከሚገጥምበት አንድ ጣት ዝቅ ብለው፣ በምስማር ጭረት አደረጉ። «ቤንዚኑ እዚህ ላይ መቆም አለበት። ከዚህ ከወረደ ትታነቃለች፣ ከዚህ ካለፈ ታፈሳለች። ግን ብረቱ አያሳይም። ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ያስፈልገኛል፤ የእኔው ደርቆ ተሰበረ።»

«እኔ አለኝ» አለች ትዕግስት ከግራሩ ሥር።

ያልተነካውን ረጅሙን ቱቦ ማለቷ ነው። ትልቅ ዓሣ ልትሠራበት ያስቀመጠችው ነበር። ኦቦ ገመቹ በብርሃን አዩትና «ልጄ፣ ይህ ለእኔ ወርቅ ነው» አሏት።

«ይመልሱልኛል?»

«እመልሳለሁ። ግን ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»

«እንግዲያው አይመልሱልኝ።»

የቱቦውን አንድ ጫፍ ከኩባያው ሥር ካለችው ቀዳዳ ላይ አሰሩት፣ ሌላውን ጫፍ በካርቡሬተሩ ጎን ወደ ላይ አቆሙት። ውስጥ ያለው ቤንዚን የቆመበት ልክ ቱቦው ውስጥም ይቆማል አሉን። «አዴ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው?» አሉኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ቱቦውን አስያዙኝ።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የፖምፓውንም ጎማ ነቅለው፣ ጣራ ላይ ካለው ጀሪካን በጎማ ቱቦ ቤንዚን አወረዱለት። ቱቦዬ ውስጥ የቤንዚኑ ቀይ መስመር ቀስ እያለች ወጣች፤ ጭረቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የት ናት?»

«ጭረቱ ላይ።»

«እስከ መቶ ቁጠሪ።» ቆጠርኩ። አልተነቃነቀችም።

«ይኸው! ተንሳፋፊዋ ደህና ናት፣ መርፌዋም ትዘጋለች። አሁን ፖምፓውን እንየው።» መልሰው አገናኙትና ጋሽ ወርቁ ሞተሩን አስነሱ። መስመሯ ጭረቱን አለፈች። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። «አለፈች! እየወጣች ነው!» ብዬ ጮህኩ። በካርቡሬተሩ አንገት ቤንዚን ገነፈለ። «አጥፋ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። ጠፋ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ርቀው ጣሉት።

ዝቅ ብለው ፖምፓውን ተመለከቱ። «ይሄ የማን ነው?»

«የጭነት መኪና» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ድምፃቸው ቀንሷል።

«ለድመት የበሬ ልብ ሰፋህላት!» ከለቃሚዎቹ ጋር አብረን ሳቅን፤ ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞረው አስረዱኝ። «መርፌዋ ትንሽ በር ናት። ተንሳፋፊዋ ከውስጥ ሆና በሩን ይዛለች። ሕፃን ቢገፋ ትመክታለች፤ በሬ ቢገፋ ግን በሩ ይከፈታል። አንተ ሰውዬ በሩን የያዘችውን ልጅ እየገረፍክ በሬውን ዝም አልከው።»

ያን ጊዜ የቀበሌያችን የቦኖ ውሃ ትዝ አለኝ። ናዝሬት ማለዳ ውሃው ሲበረታ ጎማው ከቧንቧው ተስፈንጥሮ ሴቶቹን ያጥባል፤ ማታ ግን እንስራ ለመሙላት ሰዓት ይፈጃል። ቧንቧው ያው አንድ ነው። «እንደ ቦኖ ውሃ ነው? ግፊቱ ሲበዛ?» አልኳቸው።

«አዴ ገባት! እሱ ይህን ሁሉ ዘመን ሲነዳ አልገባውም።»

ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት እያዩ «ኩፖን ልቆጥብ ብዬ ኩፖኔን ሁሉ መንገድ ላይ አፈሰስኩ» አሉ። አንጀቴን በሉት። ለልጄ ብለው የመጡ ሰው ናቸው። ግን ያን ቢጫ ምላስ ካየሁ በኋላ ማዘኑ አልተቻለኝም።

ኦቦ ገመቹ ሌላ ፖምፓ የላቸውም፤ መቂም አይገኝም። «በሬውን ግን በአጭር ገመድ እናስረዋለን» አሉ። ፖምፓው ከሞተሩ ጎን በሁለት ቡሎን ነው የታሰረው። ከውስጥ የምትዞር ጉብታ የፖምፓውን ክንድ ትገፋዋለች፣ እሱም ቤንዚኑን ይገፋል። በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ወፍራም ካርቶን ቢገባ ክንዱ ራቅ ይላል፣ ጉብታዋም በሙሉ አትገፋውም፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። የውሃ ሞተር የመጣበትን ካርቶን አምጥተው ፖምፓው ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ ቀስ አድርገው መቱት፤ ብረቱ ራሱ ካርቶኑን በልኩ ቆረጠው። በዘይት ነከሩት።

አንድ ካርቶን አስገቡ። ሞተሩ ተነሣ። መስመሯ አለፈች፣ ግን ቀስ ብላ። ጠፋ፣ ጠበቅን፣ በረደ።

ሁለት ካርቶን። «የት ናት?» «ከጭረቱ ከፍ ብላለች፤ የፀጉር ያህል።»

ሦስት። ዓይኔን ሳልነቅል ቆጠርኩ። ጭረቱ ላይ ወጥታ ቆመች። ጋሽ ወርቁ ቤንዚን ሰጡ፣ ሞተሩ ጮኸ፤ መስመሯ ትንሽ ተንቀጥቅጣ ተመለሰች። «ጭረቱ ላይ!» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ኦቦ ገመቹ ግን አራተኛ ጨመሩ። ለምን ስላቸው «እስከየት እንደሚችል ካላወቅሽ ልኩን አታውቂም» አሉኝ። በአራተኛው ሞተሩ ሲጮህ መስመሯ ወረደች፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። አራተኛውን አወጡት። ልኩ ሦስት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ያው ግራር ሥር

«አሁን ትገባለች?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«መጀመሪያ እኔ ልግባ» አልኩ።

ልጄን ለሁለቱ ሴቶች አደራ ሰጥቼ ከጋሽ ወርቁ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመቂን ከተማ ዳር እስከ ዳር አቋርጠን ተመለስን። ቲማቲም የሚጭኑ መኪናዎች፣ የደላሎች ጩኸት፣ የሽንኩርት ሽታ። የሽንኩርት ሽታ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቤንዚን አልሸተተኝም ማለት ነዋ። ስንመለስ ኦቦ ገመቹ ኮፈኑን ከፍተው በእጃቸው ሥሩን ዳበሱና መዳፋቸውን አሳዩኝ። ደረቅ ነው። ከዚያ ልጄን አስገባናት።

ገንዘብ እንቢ አሉ። ከጀሪካኑ አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ለሞተር ማጠቢያ ወሰዱ። ቱቦውን ጫፉን በሽቦ ቋጥረው እዚያው ትተውልን «ዓለም ጤናና ሞጆ ላይ ቁሙ። ሽቦውን ትፍታና እሷ ራሷ ትይ» አሉ። እሷ ያሉት እኔን ነው።

አሥር ሰዓት፣ ዓለም ጤና። ቀጥሎ ቆቃ፣ ሞጆ

ዓለም ጤና ቆምን፤ መስመሯ ጭረቱ ላይ ናት። የቆቃን ድልድይ ስናልፍ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሰፍቷል፤ ለትዕግስት «ወፎች» አልኳት፣ «ስንት?» አለችኝ፣ «አይቆጠሩም» አልኳት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። በየደቂቃው ዞሬ ትንፋሿን አያለሁ።

ሞጆ ላይ ዳገት ወጥተን ስለነበር ፈራሁ። ኮፈኑ ተከፈተ። ጭረቱ ላይ። ኬላው ላይ ያለው ጠባቂ ሴትዮ ኮፈን ውስጥ ገብታ ስታይ አይቶ «ጓዲት፣ መካኒክ ነሽ?» አለኝ። «እናት ነኝ» አልኩት።

«ዘኑ፣ አንዲት ሲጋራ ብቻ» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። «መኪናዋ ድናለች እኮ።»

«ናዝሬት።»

«ርቄ ሄጄ ላጭስ?»

«ናዝሬት አልኩዎት።»

እያጉረመረሙ ነዱ። ባለ አንድ ቅንድብ ሰው ሲያጉረመርም ያስቃል፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ናዝሬት

ባለቤቴ ከወንጂ ወጥቶ በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከአራት ጎረቤት ጋር ከነፍራሹ አውርደው አስገቧት። አንዱ ቀድሞ ጠረጴዛውን ገፋ፣ ሌላው በሩን ያዘ፤ ጀሶው መቃኑን እንኳ ሳይነካ ገባች። «ብርድ ልብሷስ?» አለ ባለቤቴ። በኋላ እነግርሃለሁ አልኩት።

ተመልሼ ወጣሁ። ጋሽ ወርቁ መኪናቸውን አጥፍተው ከመኪናዋ ርቀው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ አጥር ሥር ቆመዋል። ማንም ሳያዛቸው ነው የራቁት። ሄጄ ሲጋራቸውንና ክብሪታቸውን ሰጠኋቸው። ክብሪቱ ላቤ ነክቶት ሁለት ጊዜ ከሸፈባቸው፣ በሦስተኛው በራ። «ነገ የድሮ ፖምፓዋን አስጠግኜ እመልስላታለሁ፤ ደረጃውንም አልነካም» አሉኝ። «ቱቦውን እንዳያወልቁት» አልኳቸው።

ገብቼ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጸጉሯን አሸተትኩ። ትንሽ ቤንዚን ትንሽ ሽንኩርት ይላል፤ ነገ አጥባታለሁ። አሁን አልጋዋ ላይ ናት፣ ወገቧ አልታጠፈም፣ እግሯ ቀጥ ብሏል። ቤታችን ደርሰናል። ልጄ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ።